ለአቾል ያልነገርኳት

ሐጂ ከድር ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር ያለው የጨርቅ ሱቁ በር ላይ ለእኔ የምትሆን አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አኑሮልኛል። ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያ እቀመጣለሁ። እሱ ጨርቅ ይለካል፣ እኔ መንገዱን አያለሁ። ልጆቼ ከአዲስ አበባ እየደወሉ «አባባ፣ ጁባ ምን ቀረህ? ለምን አትመጣም?» ይሉኛል። ምን እንደቀረኝ ማስረዳት ይቸግረኛል። ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሽታ ነው፤ የአዲስ ዩኒፎርም ጨርቅ ሽታ። ጥቅሉ ሲፈታ ቀለምና ስታርች፣ ከስሩም ረጅም መንገድ በመኪና እንደመጣ ዕቃ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። እናቶች ጨርቁን በጣታቸው እያሹ ይከራከራሉ፤ ልጆች ትከሻቸውን ለመለኪያው ይሰጣሉ። እኔ በዚያ ሰሞን ብዙ አላወራም። ሐጂም ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

ዘንድሮ በዚያው ሰሞን አንዲት ረጅም ሴት ገባች። ዕድሜዋ ወደ አርባው የተጠጋ፣ ጠጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ አንገቷ ላይ የሥራ መታወቂያ ያንጠለጠለች ናት። የመጋረጃ ጨርቅ አንስታ «ዴ በካም?» አለች፣ ዋጋውን ስትጠይቅ። ሐጂ ነገራት። «ጋሊ ሸዲድ!»፣ በጣም ውድ ነው ብላ ጨርቁን እንደ እሳት ለቀቀችው። ሐጂ ያለውን አንድ ቡልኮ እንደሚሰጥ ሰው አዝኖ ትንሽ ቀነሰላት። እሷ ወደ ጎን ዞር ብላ ለራሷ «ኧረ በሕግ አምላክ!» አለች፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ሐጂ ሳቁን መያዝ አቃተውና «እንግዲያው የአገሬ ልጅ ከሆንሽ ሌላም እቀንሳለሁ» አላት። ሳቅኩ። ሳቄን ሰምታ ዞረች፤ ትክ ብላ አየችኝ።

«ቲቸር?»

እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመን ሆኖታል። ያኔ ጁባ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ሌሎቹ ልጆች «ኡስታዝ» ነበር የሚሉኝ፤ ስሜ ጌታሁን ረዝሞባቸው «ኡስታዝ ጌታ» ብለው ሲያሳጥሩት፣ የአማርኛውን ትርጉም ስለማያውቁት እኔ ብቻዬን እየሳቅኩ እገባ ነበር። «ቲቸር» የሚሉኝ ኢትዮጵያ አድገው የመጡት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ ፊቴ ቆማለች፤ አቾል ናት። ሁለተኛው ቦል ነበር።

የዚያን ጊዜዋን ጁባ ያላየ ሰው አሁን ብነግረው አያምነኝም። ሰላም ተፈርሞ ሰው ከየስደቱ የሚጎርፍበት ዘመን ነበር። አስፋልት ማለት ጥቂት መንገድ ነው፤ ሌላው ቀይ አቧራ፣ ዝናብ ሲሆን ቀይ ጭቃ። ወንዙ ዳር በድንኳን የተሠሩ ሆቴሎች ነበሩ፤ እንግዳው ለአንድ አልጋና ለአንድ አጎበር የሚከፍለው ዋጋ ጂማ ላይ ቤት ለመከራየት ይበቃ ነበር። ሻይ ግን አንድ ፓውንድ ነበር፣ አንድ ፓውንድ! ዛሬ ለዚያው ብርጭቆ እፍኝ የማይችለው ብር አውጥቼ እቆጥራለሁ። አማራት የሚባለው ሰፈር የእኛ ሰዎች በቆርቆሮ የሠሯቸው ምግብ ቤቶች እሁድ እሁድ ይሞሉ ነበር፤ ጫካ የኖሩ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ዘመናቸው የለመዱትን እስክስታ በቦት ጫማ ሲወርዱት ወለሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከአንዱ ሱቅ ራዲዮ የኡድ ዜማ፣ ከጎኑ የእኛ ኪቦርድ፣ ከማዶ የዩጋንዳ ዘፈን ይሰማል፤ ሦስቱም አንድ ላይ ተደባልቀው ለእኔ የዚያች ከተማ ዘፈን እነሱ ናቸው። ሰዉም የለበሰው እንደዚያው ነበር። ተማሪው ሰማያዊ ሸሚዝ ከላይ፣ ከሥር ከየትም የተገኘ ሱሪ፤ አንዳንዱ በእርዳታ የመጣ የሠርግ ኮት ደርቦ፣ በጎማ ጫማ፣ በዚያ ሙቀት ክራቫት አስሮ ይመጣል። ልብሱ ይሳቅበት እንጂ ለትምህርት የነበራቸውን ክብር እኔ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

እኔ ጁባ የገባሁት የአንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ነው። አንድ ቀን ቡሉክ አካባቢ ያለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሲሚንቶ ሊለምን መጣ። ወሬ ስንጀምር ጂማ ላይ ለብዙ ዓመታት ሒሳብ እንዳስተማርኩ ነገርኩት። «ሲሚንቶውን ተወው፤ አንተን ይስጡኝ» አለ። አለቃዬ ሳቀና ጠዋት ጠዋት ፈቀደልኝ። እስከ ስድስት ሰዓት አስተምራለሁ፤ በስድስት ሰዓት የድርጅቱ ፒክአፕ በር ላይ መጥቶ ጥሩንባ ያሰማል፤ ወደ ግምጃ ቤቴ እሄዳለሁ።

ቦል በመጀመሪያው ቀን ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ «ቲቸር፣ ሀበሻ ነዎት አይደል? በሞቴ አንድ ነገር በአማርኛ ይበሉኝ» አለኝ። ያደገው አዲስ አበባ ነው። አማርኛው ከእኔ ልጆች አማርኛ አይለይም። እናቱ እዚያው ሞታ አጎቱ «ወደ አገርህ» ብሎ አመጣው። አገርህ የተባለውን ከተማ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። አዲስ አበባ ሳለ በጥቁረቱ ይጠቋቆሙበት ነበር፤ ጁባ ሲመጣ አረብኛው ስለሚሰባበር «ሀበሻ» ብለው ሳቁበት። የእናቱን ቋንቋ ዲንካን ደግሞ እንደ ሕፃን ነው የሚናገረው፤ አጎቱ ቤት ሲናገር የአጎቱ ልጆች ይቀልዱበታል። ሒሳብ ላይ ግን አንደኛ ነበር። የሚያወራውም ከአቾል ጋር ብቻ ነው፤ እሷም ጋምቤላ አድጋ ከአክስቷ ጋር ቡሉክ የምትኖር ልጅ ናት። አንድ ዴስክ ላይ ተጠጋግተው በአማርኛ ይንሾካሾካሉ፤ ሌሎቹ ያፏጩባቸዋል።

አንድ ቀን ትምህርት ሲያልቅ ክፍል ውስጥ ቀረ። እኔ ጠመኔዬን እየሰበሰብኩ ነው።

«ቲቸር፣ ትንሽ ጊዜ አለዎት?»

«ምነው ቦል?»

«እንቅልፍ አልተኛም። ስተኛም፣ ጠዋት ባልነሳ እያልኩ ነው የምተኛው።»

ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለኝ። ቀስ ብሎ፣ ወለሉን እያየ። በዚያው ሰዓት ፒክአፑ ጥሩንባውን ነፋ። እኔ የሰማሁት ጥሩንባውን ነው። «በርታ እንጂ! ወንድ ልጅ አይደለህ? ፈተናው ይለፍ፣ ይቀልሃል» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት።

«እሺ ቲቸር» አለ። «ስላስቆየሁዎት ይቅርታ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ፊቱ በርቶ መጣ። ከልጆቹ ጋር ሳቀ። መዝገበ ቃላቱን ለአቾል ሰጣት፤ ከእኔ የተዋሰውን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ በወረቀት ሸፍኖ መለሰልኝ። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ፤ ምክሬ ሠራ አልኩ። ዛሬ ሰው ዕቃውን እያከፋፈለ በድንገት ሲረጋጋ ምን ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ያኔ አላውቅም ነበር። ግን አለማወቄን ብቻ እያነሳሁ ራሴን ነፃ አላወጣም፤ የነገረኝ ነገር ዕውቀት አያስፈልገውም ነበር፣ መስማት ነበር የሚያስፈልገው።

ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞ ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ «ወንድማችንን ወባ ነጠቀን» አለ። ሰልፉ ሲበተን አቾል ወደ እኔ መጣች። «ወባ አይደለም ቲቸር። ራሱን ነው ያጠፋው» ብላ ሄደች። ርዕሰ መምህሩ እኛን መምህራኑን ቢሮው ጠርቶ ማንም ስለዚህ ጉዳይ እንዳያወራ፣ ቀብሩም ላይ ትምህርት ቤቱን ወክሎ ማንም እንዳይሄድ ነገረን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ቤተሰቡ ያፍራል፣ ሌላው ልጅ ይሰማል፣ ከላይ ይጠይቁናል አለ። እኔም አልሄድኩም። ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው አንድ ቃሬዛ ከሚሸከም ሰው እምብዛም እንደማይበልጥ በኋላ ሰማሁ። በስም መጥሪያው ላይ ስሙን በቀይ እስክሪብቶ በማስመሪያ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። መስመሩ ቀጥ ያለ እንዲሆን ተጠንቅቄ ነበር።

ከዚያ አቾል መድረቅ ጀመረች። ቦል በሚቀመጥበት በኩል ተዛውራ ተቀመጠች። ደብተሯን ገልጣ አንድ ቃል ሳትጽፍ ትውላለች። ይህን ልብ ያልኩት እኔ አልነበርኩም፤ ልብ ያለችው ማማ ፖኒ ናት። ማማ ፖኒ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ሻይና ማንዳዚ የሚሉትን ቦምቦሊኖ የምትሸጥ የባሪ ጎሳ ሴት ነበረች፤ ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ጠዋት ብርጭቆ እያጠበች በአረብኛ ጠራችኝ።

«ኡስታዝ፣ ያቺ ቀጭኗ ልጅ ትናንት መጥታ እጄን ሳመችኝ። ስለ ሻይሽ ሁሉ አመሰግናለሁ አለችኝ። ልጅ ለሻይ እንደዚያ አያመሰግንም።»

«ምን ላድርግ?» አልኳት።

«ጠይቃት።»

«ምን ብዬ?»

«መሞት ትፈልጊያለሽ ወይ ብለህ።»

«ብጠይቃትና ያላሰበችውን ሐሳብ ባስገባባትስ?»

ብርጭቆውን አስቀመጠችና አየችኝ። «ሐሳቡ ከገባ ቆይቷል። ያልገባው ሰው ነው።»

በስድስት ሰዓት ፒክአፑ መጣ። ሾፌሩን ሂድ አልኩት። ከኒሙ ሥር አቾልን አስቀመጥናት፤ ማማ ፖኒ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ። «አቾል፣ ራስሽን ልታጠፊ እያሰብሽ ነው?» አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሰች።

«አዎ» አለች። ከዚያ ሁሉንም አፈሰሰችው። «ቦል ነግሮኝ ነበር ቲቸር። ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ አስማለኝ። እኔም ማልኩለት፤ አልተናገርኩም። ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«አንቺ አይደለሽም» አልኳት።

እውነት ነው፤ እሷ አልነበረችም። ግን እዚያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርታ ነበር። «ለእኔም ነግሮኝ ነበር።» ምላሴ ጫፍ ላይ መጥታ ነበር። ይህች ልጅ አሁን የምትደገፍበት መምህር ያስፈልጋታል፣ እኔ ከወደቅኩባት ማንን ትይዛለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጥሩ ምክንያት ይመስላል። እውነቱ ግን አፈርኩ። እሷ ብቻዋን እንዳወቀች እንድታስብ ተውኳት።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሳስበው ቀላል ነገር ነው፤ ከባድ ያደረገው በየቀኑ መሆኑ ነው። ብቻዋን አልተውናትም። ጠዋት አክስቷ ታመጣታለች፤ እረፍት ላይ ማማ ፖኒ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ስትወጣ እኔ ቤቷ ድረስ በእግሬ እሸኛታለሁ። አክስቷ መጀመሪያ «በቤቴ ይህን ቃል አትጥራ!» ብላ ጮኸችብኝ። ማማ ፖኒ ሄዳ ሁለቱ ሴቶች በር ዘግተው ሲላቀሱ ዋሉ፤ ከዚያ አክስቷ ከሁላችንም በላይ ሆነች። ጤና ጣቢያ አንድ የሚያዳምጥ ነርስ አገኘን። ወራት ፈጀ። አንዳንድ ቀን ወደ ኋላ ትመለስ ነበር። ማማ ፖኒ አንድ ጠዋት «ዛሬ ሻይሽ ስኳር አንሶታል ብላ ተቆጣችኝ» ብላ ስትነግረኝ፣ ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዓመታት በኋላ ያ ሁሉም የሚያውቀው ጦርነት ጁባ ላይ ፈነዳ፤ ከተማው ተበተነ። አቾል ወደ ዩጋንዳ ተሻገረች ሲሉ ሰማሁ። ማማ ፖኒ ደግሞ በኋላ በሕመም ሞተች። የእሷ ቀብር ላይ ግን ነበርኩ።

ይኸው አሁን አቾል ሐጂ ሱቅ ውስጥ ሁለት እጄን ይዛ ቆማለች። ሐጂ ወንበር አመጣላት። ካምፓላ ተምራ ተመልሳ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እየዞረች እንደምትሠራ ነገረችኝ። መምህራን የተጨነቀ ልጅን እንዲለዩ፣ እንዲጠይቁ፣ ብቻውን እንዳይተዉ ታሠለጥናለች፤ በየትምህርት ቤቱም ልጅ ተሸሽጎ የሚያወራበት አንድ ክፍል ታዘጋጃለች። መጋረጃው ለዚያ ነበር። ጨርቁ ከውጭ እንዳያሳይ በፀሐይ አቅጣጫ እየዘረጋች ስትመረምር ቆየች።

«አቾል፣ ከሁሉ ሥራ ይህን ከባዱን ለምን መረጥሽ?» አልኳት።

ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ነበር። «የቦልን ነገር ያወቅኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነዋ» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር አንድ ልጅ ብቻውን እንዲያውቅ አልፈልግም። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ጠዋት ስነሳ የማስበው እሱን ነው።»

እስከ ዛሬ ድረስ። ሐጂ መቀሱን ይዞ ቆሟል። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ስንት ዘመን ዝም ብያለሁ።

«አንቺ ብቻ አልነበርሽም» አልኳት። «ለእኔም ነግሮኝ ነበር። ካንቺ በፊት ይሁን ካንቺ በኋላ አላውቅም። ጠዋት ባልነሳ ብዬ ነው የምተኛው አለኝ። በርታ ብዬ ላክሁት። መኪና ይጠብቀኝ ነበር።»

ፊቷ ላይ የማውቀው ነገር ሁሉ ሄደ።

«ኒሙ ሥር ስነግርዎት… እኔ ነኝ የገደልኩት ስል… ያኔ ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«እያወቁ ዝም አሉ።»

«አዎ።»

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ሐጂ መቀሱን አስቀምጦ መጋረጃውን ቀስ ብሎ መጠቅለል ጀመረ። «ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንቀመጥ፣ መምህር…» አለኝ።

ከአሥር ቀን በኋላ ስልኬ ጠራ፤ አቾል ናት፣ ቁጥሬን ከሐጂ ተቀብላ። ሰላምታ የለም። «ነገ ጠዋት ሥልጠና አለን» አለችና የትምህርት ቤቱን ቦታ ነገረችኝ። «የነገሩኝን ለመምህራኑ ይንገሩ። ሁሉንም። ጥሩንባውንም።»

ሄድኩ። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ መምህራን ተቀምጠዋል። በሽማግሌ እንግሊዝኛዬ፣ ሲያቅተኝ በአረብኛ፣ ነገርኳቸው። ስሙን ጠርቼ፦ ቦል። ከሞተ ወዲህ በዚህ ከተማ ሰው ፊት ስሙን ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ስጨርስ አንድ መምህር እጁን አነሳ። «ልጁን በቀጥታ ከጠየቅነው አናባብሰውም?» አለ። አቾል መለሰችለት። «እኔን ጠይቀውኝ ነበር» አለች። «ቆሜ እያነጋገርኩህ ነው።» አንድ ወጣት መምህር ደግሞ ተነሳና በቁጣ ተናገረ። «ክፍሌ ውስጥ ከመቶ በላይ ልጅ አለ። ግማሹ ጦርነት ያየ ነው፤ ግማሹ የሚበላው የለውም። ማንን ልስማ? እኔንስ ማን ይሰማኛል?» አቾል «እኔ» አለችው። «ከሻይ በኋላ፣ እዚያ ጥግ። እስክትጨርስ አልሄድም።» ሰውየው ተቀመጠ፤ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ከኋላ ቆመው ነበር፤ ነጭ ጨርቅ እንደ ሸማ ያጣፉ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ሁሉም ሊነሳ ሲል «አንድ ጊዜ» አሉ። «ባለፈው ተርም አንዲት ልጅ አጥተናል። መዝገቡ ላይ ‹በሕመም› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ የልጅቱን ስም ተናገሩ። እኔ እዚህ አልጽፈውም፤ የቤተሰቧ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም ሰምቶታል። ከመምህራኑ አንዷ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ አስተምራት ነበር አለች። ማንም ዝም በይ አላላትም።

ስንወጣ ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር። አቾል እስከ በሩ ድረስ ከጎኔ ሄደች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

«ቲቸር፣ ይቅር አላልኩዎትም» አለች። «ምናልባትም አልልዎትም ይሆናል። በእርስዎ ዝምታ ውስጥ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«ይገባኛል» አልኳት።

ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ሳይክል ጠርታ ኋላው ላይ ወጣች። ሞተሩ ሊነሳ ሲል ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ማክሰኞ ሌላ ትምህርት ቤት አለን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ አይዘግዩ።»

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ የሥልጠናው ክፍል በር ገና አልተከፈተም ነበር። ቆሜ ጠበቅኋት።